ኮርሴት የለበሰችው ማን ነበረች? (ስለ አንድ ስህተቴም ጭምር)

ዛሬ የምጽፍላችሁ ስለ ጉንፋን ወይም ስለ ክትባት አይደለም። ስለ ታሪክ ነው። ረዘም ስለሚል ቡናችሁን ይዛችሁ ብታነቡት ይሻላል።

ነገሩ የጀመረው በአንዲት ታካሚዬ ነው። ዕድሜዋ በሃያዎቹ አጋማሽ ላይ ሲሆን ልብስ መሸጫ ሱቅ ውስጥ ቀኑን ሙሉ ቆማ ትሠራለች። "ዶክተር፣ ደረጃ ስወጣ ትንፋሽ ያጥረኛል፣ ያዞረኛል፣ ልቤም ይመታል" ብላ መጣች። ልመረምራት ልብሷን ከፍ ሳደርግ ከጡቷ ሥር እስከ ዳሌዋ ድረስ በመንጠቆ የተቆለፈ ጥቁር የቦርጭ ቀበቶ አየሁ። ምርመራዬ እዚያው ላይ አለቀ። "ይሄን ነገር አውልቂው፣ ትንፋሽሽ ይመለሳል። ለቁንጅና ብለሽ ራስሽን አትጉጂ" ብዬ ቆጣ አልኳት። አንገቷን ደፍታ "እሺ ዶክተር" ብላ ሄደች።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ተመልሳ መጣች። ቀበቶውን ከዚያን ቀን ጀምሮ አላደረገችውም፤ ትንፋሿ ግን ጭራሽ ብሶባታል። የደም ምርመራ አዘዝኩላት። ነፍሰ ጡር ላልሆነች ሴት ሄሞግሎቢን ቢያንስ 12 መሆን ሲገባው የእሷ 7 ነበር። የወር አበባዋ ብዙ ይፈሳታል፣ ቁርስ አትበላም፣ ምሳዋ ብዙ ቀን ዳቦ በሻይ ነው። ይህን ሁሉ የመጀመሪያው ቀን ብጠይቃት ትነግረኝ ነበር። የታችኛውን የዓይን ሽፋኗን ዝቅ አድርጌ የደሟን መሳሳት ለማየት አሥር ሰከንድ አይፈጅብኝም ነበር። እኔ ግን ቀበቶውን አየሁና ቀበቶውን ከሰስኩ።

ስለ ኮርሴት ታሪክ ማንበብ የጀመርኩት ከዚያ በኋላ ነው። ሳነብ ያገኘሁት ነገር አሳፈረኝም፣ ትንሽ አጽናናኝም። እኔ በአንድ ቀን የሠራሁትን ስህተት የአውሮፓና የአሜሪካ ሐኪሞች ከመቶ ዓመት በላይ ሲሠሩት ኖረዋል። (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመቶች በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ብዙዎቻችን ኮርሴትን የምናውቀው ከፊልም ነው። ባለጸጋዋ ወይዘሪት የአልጋውን ቋሚ ጨብጣ ትቆማለች፣ ገረዷ ከኋላ ሆና ገመዱን በኃይል ትጎትታለች፣ ወይዘሪቷ ትንፋሽ አጥሯት ራሷን ትስታለች። ከዚህ ትዕይንት የሚቀርብን ነገር ቢኖር ኮርሴት ሥራ የፈቱ ሀብታም ሴቶች ቅብጠት እንደነበረ ነው። ግን ያቺ ገመዱን የምትጎትተው ገረድስ? እሷም ከቀሚሷ ሥር ኮርሴት ለብሳለች።

በ1700ዎቹ እንግሊዝ አገር "ስቴይስ" የሚባለው የኮርሴት አያት ከላይ እስከ ታች ባሉ ሴቶች ሁሉ ይለበስ ነበር። ልዩነቱ ከምን እንደተሠራና እንዴት እንደሚታሰር ነበር። የሀብታሞቹ ከተልባ እግር ጨርቅ ተደራርቦ የተሰፋ ሆኖ በመሐሉ ቀጫጭን የ"ዓሣ ነባሪ አጥንት" ይገባበታል። አጥንት ይባል እንጂ አጥንት አይደለም፤ ዓሣ ነባሪው በአፉ ውስጥ ምግቡን የሚያጠልልበት፣ ከጥፍራችን ጋር ከሚመሳሰል ነገር የተሠራ ወንፊት ነው። የሰውነት ሙቀት ሲነካው ለስለስ ብሎ የለባሿን ቅርጽ ይይዛል። ይህን መግዛት ያልቻለች ሴት ከወፍራም ቆዳ የተሠራውን ትለብሳለች፣ ወይም ሌላ ሴት የለበሰችውን አሮጌ ትገዛለች። ለዓመታት በአንድ ልብስ ስለምትሠራ ቆዳው በላብ ይበሰብሳል።

እኔን በጣም የገረመኝ ይህ ነው፦ በዚያ ዘመን ድሆችን የመርዳት ግዴታ የነበረባቸው የእንግሊዝ አጥቢያዎች ለችግረኛ ሴቶችና ልጃገረዶች ከጫማና ከሸሚዝ ጋር ስቴይስም ገዝተው ይሰጡ ነበር። ለቅንጦት ተብሎ አልነበረም። ያለ ስቴይስ የምትታይ ሴት እንደ ስድ ስለምትቆጠር ሥራ የሚሰጣት አይኖርም ነበር። ልጅቷ በሰው ቤት ተቀጥራ ከአጥቢያው ወጪ እንድትወጣ ከተፈለገ "ጨዋ" መምሰል አለባት። ወገቧ የታሰረው ለባል ሳይሆን ለእንጀራ ነበር ማለት ነው።

ማሰሪያው ራሱ የመደብ ምልክት ነበር። የእመቤቲቱ ብዙ ጊዜ ከኋላ ይታሰራል። ከኋላ የሚታሰርን ነገር ብቻዋን መልበስ ስለማይመች ደንገጡር ትፈልጋለች፤ ስለዚህ ጀርባዋን ያየ ሁሉ ሰው እንዳላት ያውቃል። ሠራተኛዋ ግን ሌሊት ተነስታ እሳት የምታነድ ናት፤ ብዙ ጊዜ ከፊት የሚታሰረውን ትመርጣለች።

በ1800ዎቹ ይህ ልዩነት እየደበዘዘ መጣ። በ1820ዎቹ መጨረሻ ገመዱ የሚያልፍባቸው ቀዳዳዎች በብረት ቀለበት መጠናከር ጀመሩ። ከዚያ በፊት ቀዳዳው በእጅ በክር የተከፈፈ ብቻ ስለነበር አብዝቶ መጎተት ጨርቁን ይቀደዋል፤ እንደ ልብ ማጥበቅ የተቻለው ከብረቱ በኋላ ነው። በክፍለ ዘመኑ አጋማሽ ደግሞ ከፊት ለፊት ለሁለት ተከፍሎ የሚቆለፍ ብረት ተለመደ። አሁን ማንም ሴት ያለ ረዳት ለብሳ ልታወልቀው ትችላለች። የስፌት መኪና ሲጨመርበት ዋጋው ወረደ፣ ፋብሪካዎች ተከፈቱ።

ከነዚህ ፋብሪካዎች አንዱ ማርኬት ሃርቦሮ በምትባል የእንግሊዝ ከተማ የነበረው የሲሚንግተን ፋብሪካ ነው። በ1800ዎቹ መጨረሻ ካወጣቸው ኮርሴቶች የአንዱ ስም "ፕሪቲ ሃውስሜድ" ይባላል፤ በእኛ ቋንቋ "ቆንጅዬዋ የቤት ሠራተኛ" እንደ ማለት ነው። ርካሽና ጠንካራ ተብሎ ለገረዶች የተሸጠ ነው። የዓሣ ነባሪው ወንፊት በጣም ተወድዶ ስለነበር በእሱ ፋንታ በገመድ እንዲጠነክር ተደርጓል። ሻጩ ገበያውን ጠንቅቆ ያውቃል፤ የቤት ሠራተኛ ወለል ለመወልወል በተንበረከከችና ባጎነበሰች ቁጥር የማይሰበር ኮርሴት ያስፈልጋታል።

ቶርስታይን ቬብለን የሚባል አሜሪካዊ ምሁር በ1899 ባሳተመው ስለ ባለጸጋው መደብ በሚናገር መጽሐፉ ኮርሴት ሴቲቱን ለሥራ የማትሆን የሚያደርግ፣ የባሏን ወይም የአባቷን ሀብት የምታሳይ ማስታወቂያ የሚያደርጋት የአካል ጉዳት ነው ብሎ ጽፏል። ድሃ ሴቶች ደግሞ ለበዓል ካልሆነ አዘውትረው አይለብሱትም አለ። ስለ ሀብታሞቹ የተናገረው ብዙ እውነት አለበት። ስለ ድሆቹ ግን፣ ይቅርታ ይደረግልኝና፣ የፋብሪካውን መጋዘን ያየ አይመስለኝም። ከማለዳ እስከ ማታ እየሠሩ የሚለብሱት ሴቶች ብዙ ነበሩ።

ለምን ለበሱት? የዛሬው ዓይነት የጡት መያዣ ገና አልነበረም። ብዙ ድርብርብ ቀሚስ ወገብ ላይ ሲታሰር ገመዱ ሥጋ ውስጥ እንዳይገባ ኮርሴቱ ክብደቱን ይከፋፍለዋል። ቀኑን ሙሉ ቆሞ ወይም ውኃ ተሸክሞ ለሚውል ጀርባ ድጋፍ ይሆናል። የገጠር እናቶቻችን ከባድ ነገር ከማንሳታቸው በፊት መቀነታቸውን ጠበቅ ሲያደርጉ ያየ ሰው ይህ አይጠፋውም።

አሁን ወደ ሙያ ባልደረቦቼ ልምጣ።

በ1788 ሳሙኤል ቶማስ ዞመሪንግ የሚባል ጀርመናዊ የአካል ጥናት ሊቅ ስለ ኮርሴት ጎጂነት ጽሑፍ አወጣ። ከዚያ ወዲህ በየአገሩ ያሉ ሐኪሞች ጻፉ። አንዳንዱ ጥሩ ሥራ ነበር። በ1887 ሮበርት ዲኪንሰን የተባለ የብሩክሊን ሐኪም በመገመት ፈንታ የኮርሴትን ግፊት በመሣሪያ ለካ፤ ኮርሴት ሲለበስ ደረት የመስፋት አቅሙ በአንድ አምስተኛ ያህል እንደሚቀንስ አገኘ። በሬሳ ምርመራም የጎድን አጥንት ጉበት ላይ ተጭኖ ቦይ የመሰለ ምልክት ሲያወጣ ታይቷል። ስለዚህ ኮርሴት ጉዳት የለውም አልላችሁም። አብዝቶ ሲጠብቅ ጉዳት አለው።

ችግሩ እዚያ ላይ አለማቆማቸው ነው። የሳንባ ነቀርሳ? ኮርሴት ነው። ካንሰር? ኮርሴት። የማኅፀን መውረድ፣ የፅንስ መጨናገፍ፣ ብስጭት፣ የአእምሮ ሕመም... ሁሉም ወደ ኮርሴት ተወሰደ። ሮበርት ኮክ የሳንባ ነቀርሳን ባክቴሪያ በ1882 ካሳየ በኋላ እንኳ ክሱ ወዲያው አልቆመም። አስቡት እንግዲህ፦ ስምንት ሰው በአንድ ጨለማ ክፍል ውስጥ የሚያድርበት ሰፈር፣ አንዱ ሲያስል ሌላው የሚተነፍስበት፣ ከዚያ ውስጥ የወጣች ልብስ ሰፊ ስታስል ሐኪሙ የሚያየው ወገቧን ነው።

ከሁሉ ይልቅ የነካኝ "ክሎሮሲስ" የሚባለው በሽታ ነው። "አረንጓዴው በሽታ"ም ይሉት ነበር። የሚይዘው ከጉርምስና እስከ ሃያዎቹ ያሉ ልጃገረዶችን ነው፦ ፊታቸው ይገረጣል፣ ደረጃ ሲወጡ ትንፋሽ ያጥራቸዋል፣ ልባቸው ይመታል፣ ይዞራቸዋል፣ አንዳንዶቹ አፈር ወይም ጠመኔ ያምራቸዋል። የሰው ቤት ገረዶች በብዛት ይታመሙበት ነበር። አንዳንድ ሐኪሞች የፍቅር ናፍቆት ነው አሉ፣ አንዳንዶቹ ትዳር ያድናታል አሉ፣ ሌሎቹ ደግሞ ኮርሴት ነው አሉ። ዛሬ መለስ ብለን ስናየው አብዛኛው የአይረን እጥረት ያመጣው የደም ማነስ ነበር። እያደገች ያለች፣ የወር አበባ የጀመረች፣ ሥጋ የማይደርሳት፣ አሥራ ስድስት ሰዓት የምትሠራ ልጅ። የሚገርመው ፈረንሳዊው ሐኪም ብሎ ከ1830ዎቹ ጀምሮ የአይረን ክኒን ሲሰጥ ሕመምተኞቹ ይድኑ ነበር። መድኃኒቱ በእጃቸው እያለ ነው ስለ ልብስ ሲከራከሩ የኖሩት።

የታካሚዬን ምልክቶች ከላይ ዘርዝሬላችኋለሁ። ከዚህኛው ጋር አስተያዩት።

ሁለተኛው ነገር ወላጆችን በቀጥታ ይመለከታል። በ1700ዎቹ ስቴይስ ለትናንሽ ልጆችም ይደረግ ነበር፤ ለሴቶቹ ብቻ ሳይሆን ሱሪ ላልጀመሩ ወንዶችም። ካልታሰሩ ጀርባቸው ይጎብጣል ተብሎ ይፈራ ነበር። ዣን ዣክ ሩሶ በ1762 "ኤሚል" በተባለው መጽሐፉ ይህንና ሕፃናትን ጠፍሮ መጠቅለልን አጥብቆ ነቅፏል። ግን የወላጆቹ ፍርሃት እንዲያው ከሜዳ የመጣ አልነበረም። እንግሊዝ ውስጥ የጎበጡ፣ እግራቸው የተቆለመመ ልጆች በእርግጥ ሞልተው ነበር። በሽታው ሪኬትስ ነው፤ ፍራንሲስ ግሊሰን የሚባል ሐኪም በ1650 ስለ እሱ ትልቅ መጽሐፍ ጽፏል። ምክንያቱ በአብዛኛው የቫይታሚን ዲ እጥረት መሆኑ የታወቀው ግን በ1920ዎቹ መጀመሪያ ነው። የከሰል ጢስ ፀሐይን በጋረደባቸው ከተሞች፣ በጠባብ መንገድና በጨለማ ክፍል ያደጉት የድሃ ልጆች በብዛት ተጎዱ።

ሪኬትስ ያለባት ሴት ልጅ ስታድግ የዳሌዋ አጥንት ጠብቦና ተጣሞ ይቀራል። ከዚያ ምጥ ሲመጣ ሕፃኑ የሚያልፍበት መንገድ የለም። በ1888 ግላስጎው ውስጥ ሙርዶክ ካሜሮን የተባለ ሐኪም አንዲት በሪኬትስ ምክንያት ቁመቷ እጅግ ያጠረ እናት በኦፕሬሽን አዋለደ፤ እናትም ልጅም ተረፉ። በዚያ ዘመን እናት ከእንዲህ ያለ ኦፕሬሽን የምትተርፈው በዕድል ስለነበር ነገሩ ታላቅ ዜና ሆነ። በዚያው ወቅት "የሴቶች ምጥ የከበደው በኮርሴት ነው" ብለው የሚጽፉ ነበሩ። የዚያችን እናት ዳሌ ያጠበበው ግን ፀሐይ የማይገባበት የልጅነት ቤቷ ነው።

ይህ የሩቅ አገር ወሬ እንዳይመስላችሁ። አዲስ አበባ ውስጥ በኢትዮ ስዊድሽ የሕፃናት ሆስፒታል የተሠራና በ1997 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት የወጣ ጥናት ሳንባ ምች ይዟቸው የመጡ 500 ሕፃናትን ሳንባ ምች ከሌላቸው 500 ጋር አነጻጽሮ ነበር። ከታመሙት ውስጥ 210ሩ ሪኬትስ ነበረባቸው፤ ካልታመሙት ደግሞ 20ዎቹ ብቻ። አሥራ ሦስት ወር ፀሐይ ባለበት አገር! የለሰለሰ የጎድን አጥንት ደረትን በሚገባ ከፍ ማድረግ አይችልም፤ ከየትኛውም ኮርሴት የበለጠ ትንፋሽ ይከለክላል። ስለዚህ እናቶችና አባቶች፣ "ቡዳ ይበላዋል" ወይም "ብርድ ይመታዋል" እያላችሁ ሕፃኑን በጋቢ ጠቅልላችሁ ቤት አታስቀምጡት። በጠዋት ፀሐይ ልብሱን አውልቃችሁ አሙቁት። በመስታወት በኩል የሚገባው ፀሐይ ለዚህ አይሆንም፤ ቫይታሚን ዲ የሚሠራውን ጨረር መስታወቱ ያስቀረዋል።

ርብቃ ጊብሰን የምትባል አሜሪካዊት ተመራማሪ በለንደኑ የቅድስት ብራይድ አጥቢያ የተቀበሩና በፓሪስ ሙዚየም የተቀመጡ የሴቶች አጽሞችን አጥንታለች። የጎድን አጥንታቸው ወደ ውስጥ ተገፍቶ ቅርጹ ተለውጧል፤ ኮርሴቱ አሻራውን ትቷል። ግን ብዙዎቹ ለዘመናቸው ጥሩ የሚባል ዕድሜ ኖረዋል፤ ሁሉም ባለጸጎችም አልነበሩም። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ፦ የተጣመመ የጎድን አጥንት ሲታይ ኮርሴት ነው ወይስ ሪኬትስ ብሎ መጠየቅ ግድ ነው። ያ ጥያቄ በሕይወት ሳሉ ቢጠየቅላቸው ኖሮ።

ስለ ዛሬው የቦርጭ ቀበቶ ብዙዎቻችሁ በውስጥ መስመር ስለምትጠይቁኝ ባጭሩ ልመልስ። ስብ አያቀልጥም፤ ሲወልቅ ሆዱ ወደ ቦታው ይመለሳል። አብዝቶ ከጠበቀ ቃር ያባብሳል፣ ትንፋሽ ያሳጥራል፣ ጭን ሊያደነዝዝ ይችላል። በእርግዝና ጊዜ፣ በመኝታ ሰዓት፣ ለታዳጊ ልጆች በጭራሽ አይሁን። በኦፕሬሽን ለወለደች እናት ሐኪሟ ከፈቀደላት ለስላሳና ያልጠበቀ ድጋፍ ስትነሳና ስታስል ሕመሙን ሊቀንስላት ይችላል፤ ያ ሌላ ነገር ነው። ትንፋሽ የሚያጥራችሁ ከሆነ ግን ቀበቶውን አውልቃችሁ ብቻ ቤት አትቀመጡ፤ ኑና ደማችሁን ተመርመሩ። የወር አበባችሁ ብዙ ከሆነ ሐኪሙ ባይጠይቃችሁም ንገሩት። ሻይና ቡና ከምግብ ጋር ሲጠጡ አይረን በደንብ እንዳይመጠጥ ያደርጋሉ። (መግቢያዬ ላይ ቡና ይዛችሁ አንብቡ ያልኳችሁ ከምግብ ሰዓት ውጪ ነው!)

ታካሚዬን በሁለተኛው ቀጠሮ ይቅርታ ጠየቅኋት። ከዚያ መጀመሪያ ልጠይቃት ይገባ የነበረውን ጠየቅኋት፦ ቀበቶውን ለምን ታደርጊው ነበር?

"ወገቤን ስለሚያመኝ ነው ዶክተር" አለችኝ። "አሥር ሰዓት ሙሉ እንቆማለን። ወንበር የለም፣ ደንበኛ ባይኖርም መቀመጥ አይፈቀድም። እሱን ሳስር ትንሽ ይዞልኝ ይውላል። ቦርጭ እንኳ የለኝም።"

በእርግጥም አልነበራትም። አይረኑን ሦስት ወር ወስዳ ሄሞግሎቢኗ 11.8 ደረሰ፣ ለወር አበባዋም ሕክምና ጀመረች። ለአሠሪዋ ወንበር እንዲፈቀድላት የሚጠይቅ ደብዳቤ ጻፍኩላት። በመጨረሻ ስትመጣ ቀበቶውን አድርጋዋለች፣ በመጀመሪያው መንጠቆ ላይ፣ ላላ አድርጋ። ወንበሩን ጠየቅኋት። "እያዩት ነው ብለውኛል" አለችኝ።